ተዘዋዋሪ በዓላት ለምን እንደሚዘዋወሩ ለአንባቢ ይነገረው

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው የካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አራት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። ሰኞ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዐቢይ ጾምን ያዙ፤ በማግስቱ ቻይናውያን አዲስ ዓመታቸውን አከበሩ፤ ረቡዕ የላቲኑን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊካውያን ግንባራቸውን ዐመድ ተቀብተው ጾማቸውን ጀመሩ፤ ያ ሳምንት ሳያልቅም ሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳንን ተቀበሉ። ጋዜጣችሁ ይህን «የሚያስደንቅ አጋጣሚ» ብሎ በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፈው። የአረፋ በዓል በዚህ በግንቦት ወር ሊደርስ ነውና፣ ገጻችሁ እንደ ልማዱ «በዓሉ ተዘዋዋሪ ስለሆነ በየዓመቱ በተለያየ ቀን ይውላል» ብሎ ከመዝጋቱ በፊት ይህን ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ሠላሳ ዓመት ያህል ጂኦግራፊ ያስተማርሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ የወሎ ሰው ነኝ። ነገሩ ከልቤ የገባው ግን በመምህርነቴ ሳይሆን በሠራሁት ጥፋት በኩል ነው፤ እርሱን ከታች እናገራለሁ። አሁን የማስቀድመው የቅሬታዬን ፍሬ ነገር ነው። ስለ ሌላው ሰው ሃይማኖት ስንጽፍ የሚበላውን፣ የሚለበሰውንና የሚዘፈነውን እንጽፋለን፤ ቀኑ በምን ተቆጥሮ እንደ ተገኘ ግን አንጽፍም። አንድ ሃይማኖት ስለ ሰማይ፣ ስለ ሕግና ስለ ሰው ልጅ ምን እንደሚያምን ደግሞ በምግቡ ከሚታወቀው ይልቅ በቀን አቆጣጠሩ የሚታወቀው ይበዛል።

ነገሩ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ሒሳብ ነው። ጨረቃ ተወልዳ፣ ሞልታና ጠፍታ እንደገና እስክትወለድ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል። አሥራ ሁለት ጨረቃ ሲደመር 354 ቀን ይሆናል። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ነው። በሁለቱ መካከል አሥራ አንድ ቀን ገደማ ይተርፋል። ይህን ትራፊ የቤተ ክህነቱ ሊቃውንት «አበቅቴ» ይሉታል፤ ቃሉን በየዓመቱ ከአውደ ዓመት በፊት በሬዲዮ እንሰማዋለን፤ ምን እንደሆነ የሚነግረን ግን የለም። በዓላቱን በጨረቃ የሚቆጥር ሃይማኖት ሁሉ «እነዚህን አሥራ አንድ ቀናት ምን ላድርጋቸው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ አይችልም። መልሶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ደግሞ የእምነቱ ልዩነት ነው።

እስልምና የሰጠው መልስ ከሁሉም የቆረጠ ነው፦ አሥራ አንዱን ቀን ተዋቸው። ከነቢዩ ሙሐመድ በፊት የነበሩት ዐረቦች ወራቱን ከወቅቶች ጋር ለማስማማት ወይም የተከበሩትን ወራት ለማዘግየት የሚያደርጉት ማሸጋገር ነበራቸው፤ ይህም «ነሲእ» ይባል ነበር። ቁርኣን በዘጠነኛው ምዕራፍ (ሱረቱ ተውባ) በአላህ ዘንድ የወራት ቁጥር አሥራ ሁለት መሆኑን ደንግጎ ይህን ማሸጋገር አጥብቆ ከለከለው። ስለዚህ የሂጅራው ዓመት ጭማሪ ወር የለውም፤ ከፀሐዩ ዓመት አሥራ አንድ ቀን እያነሰ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ዓመቱ አጭር በመሆኑ በአንድ የፈረንጅ ዓመት ሁለት ረመዳን የሚገባበት ጊዜም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 አንዱ በጥር፣ ሌላው በታኅሣሥ መጨረሻ ገብቶ ነበር። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በበጋና በክረምት የቀናችን ርዝመት ብዙ አይለያይም። ስዊድን ውስጥ ስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ግን ረመዳን በሰኔ ሲውልበት ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ አሥራ ስምንት ሰዓት አልፎ ይቆያል፤ በታኅሣሥ ሲውልለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ወሩ በየወቅቱ የሚዞር ባይሆን ኖሮ አንዱ አገር ለዘለዓለም ከባዱን ጾም፣ ሌላው ለዘለዓለም ቀላሉን ይወርስ ነበር። እኔ ይህን ስገነዘብ «ተዘዋዋሪ» የምንለው ቃል ምን ያህል ፍትሕ እንደ ተሸከመ ገባኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ከረመዳን መውጫ ጋር ገጠመ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ዒድ አልፈጥርን ዓርብ ላይ ጽፎት ስለነበር አስተዳደሩ የጂኦግራፊን ፈተና ሐሙስ ላይ መደበ። ረቡዕ ማታ ጨረቃ ታየች፤ ዒዱም ሐሙስ ሆነ። ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። አስተዳደሩ «በዓሉ የተጻፈው ዓርብ ነው» ብሎ ፈተናው እንዲሰጥ፣ ለቀሩትም ዜሮ እንዲሞላ አዘዘ፤ እኔም ያለ አንዳች ተቃውሞ ሞላሁ። እንዲያውም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ «የበዓላቸውን ቀን እንኳ አስቀድመው አያውቁም» ብያለሁ። ይህን ቃል በማለቴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከሁለት ቀን በኋላ የአንዱ ተማሪ አባት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ፣ ከገጠር በእግራቸው መጥተው አነጋገሩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ልጄ፣ ቀኑ ስቶን መስሎህ ከሆነ አይደለም። እኛ እዩ ተብለን ነው የምናይ፤ ካላየን ደግሞ ሠላሳውን ሞልተን ነው» አሉኝ። ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። በነቢዩ ሐዲስ የታዘዘው ጨረቃን አይቶ እንዲጾም፣ አይቶ እንዲፈታ፣ ደመና ከጋረዳት ደግሞ ወሩ ሠላሳ ቀን እንዲሞላ ነው። ወሩ ሃያ ዘጠኝ ይሁን ሠላሳ እስከ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ምሽት ድረስ ሳይታወቅ መቆየቱ የእውቀት ጉድለት አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ እንዲያ የታዘዘ ነው። ያልተማረው ገበሬም የሥነ ፈለክ ሊቁም ያን ምሽት እኩል ሆነው ወደ ምዕራብ ያንጋጥጣሉ። ለቀሩት ተማሪዎች ፈተናው ከብዙ ክርክር በኋላ ተደገመላቸው፤ ያን ክርክር ያስነሣሁት እኔ ብሆንም መጀመሪያ ዜሮውን የጻፈው እጅ የእኔ ነበር።

በዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በየዓመቱ «ሙስሊሞች በጨረቃ መታየት ላይ ተለያዩ» የሚል ዜና እንደ አዲስ ነገር ይወጣል። በሰሒሕ ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ግን ኩረይብ የተባለ ሰው ከሻም (ከሶርያ ምድር) ወደ መዲና ተመልሶ ከዐብዱላህ ኢብን ዐባስ ጋር ያደረገው ንግግር ተመዝግቧል። ኩረይብ በሻም የረመዳንን ጨረቃ የዓርብ ሌሊት አይቷት ነበር፤ መዲና ውስጥ ግን የታየችው የቅዳሜ ሌሊት ነው። የሻም ገዥ የነበረው የሙዓዊያ ማየትና መጾም አይበቃም ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ኢብን ዐባስ ነቢዩ ያዘዙን እንዲህ ነው ብለው የመዲናን እይታ አጸኑ። ከዚህ ሐዲስ ተነሥተው አንዳንድ ሊቃውንት እያንዳንዱ አገር የራሱን ጨረቃ ይከተላል ሲሉ፣ ሌሎች አንዱ ካየ ለሁሉ ይበቃል ብለዋል፤ በዘመናችን ደግሞ ቱርክን የመሳሰሉ አገሮች በሥነ ፈለክ ስሌት አስቀድመው ይወስናሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ዛሬ የተፈጠረ ግርግር ሳይሆን በመጀመሪያው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የነበረ፣ በመከባበር የተያዘ የሊቃውንት ክርክር ነው። ጋዜጣ ይህን ቢጽፍ የአንባቢው አስተያየት ምን ያህል እንደሚለወጥ አስቡት።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ የበዓል ቀን ዋጋ ምን እንደሆነ በራሱ ታሪክ ያውቀዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የወጡት ሙስሊሞችና አብረዋቸው የተሰለፉት ክርስቲያኖች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ሆነው እንዲታወቁ ነበር፤ ጥያቄውም በደርግ ዘመን መጀመሪያ መልስ አገኘ። ሰው ለበዓሉ ቀን አደባባይ የወጣበት አገር ጋዜጣ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚገኝ ሳይናገር ማለፍ የለበትም።

አይሁድ ለዚያው የአሥራ አንድ ቀን ጥያቄ የሰጡት መልስ ሌላ ነው። ኦሪት ዘዳግም ፋሲካ በአቢብ ወር፣ ማለትም እህሉ በሚያሸትበት ወር እንዲከበር ስለሚያዝ፣ ወሩን ከወቅቱ ማስለቀቅ አይቻላቸውም። ስለዚህ ትራፊው ሲጠራቀም አዳር የተባለውን ወር ደግመው ዓመቱን አሥራ ሦስት ወር ያደርጉታል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህ ሰባት ጊዜ ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ የፀሐይ ዓመትና 235 ጨረቃ እኩል ለመሆን ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚቀራቸው ነው ይህ ቁጥር የተመረጠው፤ ባቢሎናውያንም ግሪኮችም ያውቁት ነበር።

ይሁን እንጂ በቀደመው ዘመን አይሁድም እንደ ሙስሊሞች ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ያነሡ ነበር፤ ይህን ክፍል ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ላስፋው። ሚሽና የተባለው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ አዲሲቱን ጨረቃ ያዩ ምስክሮች ወደ ኢየሩሳሌም እየመጡ በአንድ ሰፊ ግቢ ይሰበሰቡ ነበር፤ መምጣቱን እንዲወዱት ትልቅ ግብር ይዘጋጅላቸዋል። የሊቃውንቱ አለቃ ራባን ገማልያል በሰገነቱ ግድግዳ ላይ የጨረቃን ቅርጾች ሥሎ ነበረና ያልተማሩትን ምስክሮች «እንዲህ ነበረች ወይስ እንዲህ?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ምስክርነቱ ከጸና በኋላ ዜናው ከተራራ ወደ ተራራ በሚነድ ችቦ እስከ ባቢሎን ምርኮኞች ይደርስ ነበር። ሳምራውያን ያለ ቀኑ እሳት እያነደዱ ቢያሳስቷቸው ችቦው ቀርቶ መልእክተኞች መላክ ጀመሩ፤ መልእክተኛ ደግሞ እንደ እሳት አይፈጥንም። ከአገራቸው ውጭ ያሉ አይሁድ ብዙዎቹን በዓላት ሁለት ሁለት ቀን የሚያከብሩት ከዚያ በተረፈ ጥንቃቄ ነው። አንድ ጊዜም ራቢ ኢያሱ ገማልያል የወሰነው ቀን ስሕተት ነው ብሎ ስላሰበ፣ ገማልያል በራሱ በኢያሱ ስሌት የስርየት ቀን በሆነው ዕለት በትሩንና ገንዘቡን ይዞ እንዲመጣ አዘዘው። ኢያሱ እያዘነ መጣ፤ ገማልያልም ተነሥቶ የኢያሱን ራስ ሳመ። ሕዝቡ በሁለት ቀን እንዳይከፈል አንድ ሊቅ የራሱን ስሌት ተወ ማለት ነው። በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ትውፊቱ ለዳግማዊ ሂሌል በሚሰጠው ሥርዓት፣ ምስክርነቱ ቀርቶ ቀኑ በስሌት ብቻ ይታወቅ ጀመር። ከጎንደርና ከትግራይ ሄደው እስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ሲግድን የሚያከብሩት ከስርየት ቀን ሃምሳ ቀን ቆጥረው፣ በሔሽቫን ወር 29ኛው ቀን ነው፤ በዓሉም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል።

የእኛ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበት ስሌት፣ ከዚህ ሁሉ ጋር የተሣሠረ መሆኑን ስንቱ ክርስቲያን ያውቅ ይሆን? ትውፊቱ ሥርዓቱን ለዐሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የስሌቱ ማዕከል መጥቅዕ ነው፤ መጥቅዕ ማለት የሚነፋ መለከት ወይም የሚመታ ደወል ሲሆን በኦሪቱ ሥርዓት የአዲስ ዓመቱ የመለከት በዓል ስም ነው። የዘንድሮውን ላሳይ፤ ወረቀትና እርሳስ የያዘ ሁሉ ሊከተለኝ ይችላል። 5500 ዓመተ ኩነኔና 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመሩ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ሲቀነስ 12 ይሆናል፤ ይህም ወንበር ይባላል። 12 በ11 ተባዝቶ ከ132 ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው፤ 12 በ19 ተባዝቶ ከ228 ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው ሠላሳ ይሆናሉ፤ ዘንድሮም ሆነዋል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ዋለ፤ መስከረም 18 እሑድ ነበረ፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25 ይሆናል፤ ይህም የነነዌን ጾም ቀን የሚሰጠው መባጃ ሐመር ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ሰኞ ጥር 25 ገባ፤ ከዚያ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 9፣ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4፣ ትንሣኤ ሆነ። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ያለ አንድ የቆሎ ተማሪ ያለ ወረቀት የሚያወጣውን ይህን ስሌት ጋዜጣችን በሩብ ገጽ ቢያትመው የሚከብድ አይመስለኝም።

ስለ ትንሣኤ ከተነሣ፣ በዋሽንግተንና በለንደን የሚኖሩ ወላጆች ከልጆቻቸው የሚሰሙት ጥያቄ አለ፦ «የትምህርት ቤቱ ፋሲካ አልፎ የእኛ ለምን ይዘገያል?» የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ክርስቲያኖች ሁሉ ትንሣኤን በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ወሰነ። የስሌቱ አገር እስክንድርያ ስለነበረች ሊቃነ ጳጳሳቷ በየዓመቱ ቀኑን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። (ቅዱስ አትናቴዎስ በ367 የጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ የሐዲስ ኪዳንን ሃያ ሰባት መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው ለይቶ የቆጠረ ነው፤ የቀን ማስታወቂያ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደሚሸከም እዩልኝ።) በኋላ የፀሐዩ ዓመት ከ365 ቀን ከሩብ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያንስ መሆኑ እያደር ቀኑን አራቀው። ሮማዊው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ዐሥር ቀን አጥፍቶ፣ ጥቅምት 4 በማግስቱ ጥቅምት 15 እንዲባል አደረገ፤ የጨረቃውንም ሠንጠረዥ አረመ። የእስክንድርያን ስሌት የያዝነው እኛ፣ ግብጻውያን፣ ግሪኮችና ሩስያውያን የቀድሞውን ጠበቅን። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት እንደ 2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን እንገናኛለን፤ ሌላ ጊዜ፣ እንደ ዘንድሮው፣ በአንድ ሳምንት እንለያያለን፤ አልፎ አልፎም ከወር በላይ እንራራቃለን። ለልጁ «እነርሱ ተሳስተው ነው» ወይም «እኛ ኋላ ቀርተን ነው» ብሎ ከመመለስ ይህን መንገር ይሻላል።

ሂንዱዎችም እንደ አይሁድ ወር ይጨምራሉ፤ ጭማሪው በአማካይ በሠላሳ ሁለት ወይም በሠላሳ ሦስት ወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ዘንድሮ ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ያለው ጨረቃ ጭማሪ ነው። በእኔ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ዲዋሊ የመብራት በዓል የሆነው ጨረቃ ፈጽማ በማትታይበት ሌሊት ስለሚውል መሆኑን ሲነግረኝ በዓሉን ሳላየው አየሁት። ቡዲስቶች በተቃራኒው ሙሉ ጨረቃን ያከብራሉ፤ በስሪላንካ ጨረቃ የምትሞላበት ቀን ሁሉ የሥራ ዝግ ቀን ነው፤ በቬሳክ ሙሉ ጨረቃ የቡድሃን ልደት፣ መገለጥና ዕረፍት አንድ ላይ ያስባሉ። ባሃኢዎች ደግሞ ወርን ከጨረቃ አላቅቀው ዓመቱን አሥራ ዘጠኝ ቀን ባላቸው አሥራ ዘጠኝ ወራት ከፍለውታል፤ 361 ይሆናል፤ የጎደለውን አራት ወይም አምስት ቀን ለእንግዳ መቀበያና ለምጽዋት ሰጥተው ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይጾማሉ።

ሩቅ አገር ሳንሄድ ደግሞ ሲዳማ አለ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኔስኮ በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ፊቼ ጫምባላላ ቀኑ የሚወሰነው ሰማይ በሚያነብቡ የሲዳማ አዋቂዎች ነው፤ የከዋክብቱን ከጨረቃ አንጻር መንቀሳቀስ አይተው ቀኑን ይናገራሉ። የቦረና ኦሮሞ የቀን አቆጣጠር አዋቂዎች፣ አያንቱዎች፣ ሃያ ሰባት የቀን ስሞችን ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር አስተባብረው ወር ይቆጥራሉ። እነዚህን በዓላት የሚዘግበው ካሜራ ጭፈራውን ያሳየናል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሰማይ የሚያነብበውን ሽማግሌ ግን አያሳየንም። እኔ ከበዓሉ ሁሉ ማየት የምፈልገው እርሱን ነበር።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። በየበዓሉ ሰሞን ከመልካም ምኞቱ ጎን ቀኑ በምን እንደ ተገኘ የሚያስረዳ አንድ ዓምድ ይኑር፤ የሚጽፈውም የዚያው ሃይማኖት አዋቂ ይሁን፤ የባሕረ ሐሳቡን መምህር፣ ሸኹንና አያንቱውን ሄዳችሁ ጠይቁ። በጨረቃ የሚታወቀውን በዓል ስትጽፉ «ጨረቃ ከታየች» የሚለውን ሐረግ እንደ ጥርጣሬ ሳይሆን እንደ ሥርዓት ጻፉት። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም ከዚያ ተምረው በሃያ ዘጠነኛውና በሠላሳኛው ቀን ማግስት ፈተናና ስብሰባ እንዳይጠሩ አስታውሱልኝ።

የመጀመሪያውን ዓምድ ለመጀመር የሚረዳ ከሆነ የመጪውን ዓመት ከአሁኑ አውጥቼዋለሁ። በ2019 ዓ.ም. ወንበር 13፣ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ነው። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለሆነ መባጃ ሐመር 15 ይመጣል። ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይሆናል፤ ከዘንድሮው ሃያ ቀን ይዘገያል ማለት ነው፤ አይሁድም በዚያው ዓመት አዳርን ስለሚደግሙ ፋሲካቸው እንዲሁ ወደ ፊት ይገፋል። ረመዳን ግን ምንም ጭማሪ ስለሌለው አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ በየካቲት መጀመሪያ ላይ ይገባል። ዘንድሮ በአንድ ሳምንት የጀመሩት ሁለቱ ጾሞች ከርሞ ይለያያሉ፤ ሙስሊሙ ጎረቤቴ ለዒዱ ጨረቃ ወደ ምዕራብ በሚያይበት በዚያው ሰሞን እኔ ዐቢይ ጾምን እይዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከወሎ
ግንቦት 2018 ዓ.ም.